ሞግዚት በጎደለ ቀን፦ ለሕፃናት ማቆያ ኃላፊዎች የአሠራር መመሪያ

ደሴ፣ ነሐሴ ወር፣ ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል። የጦሳ ተራራ ጉም እስከ አጥሩ ወርዷል። እናቶች ልጆቻቸውን በጋቢ ጠቅልለው በር ላይ ቆመዋል፤ አንዷ ባጃጅ አስቁማለች፣ ሌላዋ የኮምቦልቻው ሰርቪስ እንዳያመልጣት ስልኳን ደጋግማ ታያለች። ከ6 ሞግዚቶች የመጡት 3 ናቸው። አንዷ የቅሬ (የዕድር) ጥሪ መጥቶባት ለቅሶ ሄዳለች፣ አንዷ ልጇ ታሞባታል፣ የሦስተኛዋ ስልክ ዝግ ነው።

ይህን መመሪያ የጻፍኩት በዚያች ሰዓት ቁልፉን ይዛ ለቆመችው ኃላፊ ነው። እኔም እዚያ ቆሜ አውቃለሁና።

ብዙ ዓመት ሆኖታል። በአንድ ማቆያ አስተባባሪ ሳለሁ፣ በ3 ሞግዚት 27 ልጅ ተቀበልኩ። እናቶቹን መመለስ ከበደኝ። ረፋድ 5 ሰዓት ገደማ አንዷ ዳይፐር ስትቀይር፣ ሌላዋ አጥሚት ስታበርድ፣ ዘበኛው ውሃ ሊቀዳ ወጥቶ ሳለ አንድ የሁለት ዓመት ተኩል ልጅ በገርበብ ባለው በር ወጣ። አስፋልቱ ዳር ያገኘው ባጃጅ ነጂ ነው፤ አቅፎ የማን ልጅ ነው እያለ በየደጁ ሲጠይቅ እኛ ጋ ደረሰ። ልጁ ምንም አልሆነም። እኔ ግን በዚያው ቀን ክፍሉን ለያዘችው ሞግዚት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጻፍኩ። ቢሮ ጠርቼ ስሰጣት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ «እትዬ፣ ጠዋት ስንት ልጅ ነው የተቀበሉት?»

መልስ አልነበረኝም። ደብዳቤውን ወሰድኩና ለማቆያው ባለቤት ሌላ ጻፍኩ፤ በዚህኛው ላይ ያለው ስም የኔ ነበር። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሷን ጥያቄ ለመመለስ የተማርኩት ነው። ሞግዚት መጉደሏ የኃላፊው ጥፋት ላይሆን ይችላል። በጎደለው ሰው ልክ ስንት ልጅ እንደሚገባ የሚወስነው ግን ኃላፊው ነው፣ የሚጠየቅበትም እሱ ነው።

እጥረቱ ከየት እንደመጣ ወሎ ውስጥ ላለን ማስረዳት አያሻም። ልጅ መያዝ የምትችል፣ ትዕግሥት ያላት ወጣት ዓረብ ሀገር ብትሄድ የምታገኘውን ታውቃለች፤ ከየቤቱ አንድ የሄደች አለች። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ለሴቶች ሌላ የሥራ በር ከፍቷል፤ የልጅ ማቆያ የሚፈልጉ እናቶችንም አብዝቷል። በ2014ቱ ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ብዙ ሰው ቀየውን ለቅቆ ወጥቷል፤ እኔ የማውቃቸው ልምድ ያላቸው ሞግዚቶች ከፊሎቹ ያኔ እንደወጡ አልተመለሱም። ደመወዙም ትንሽ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ለተጎዳ ልጅ እናት ግን መልስ አይሆንም።

1. አቅማችሁን በወረቀት ላይ አስቀምጡ

«ቤታችን 40 ልጅ ይይዛል» የሚለው የክፍሉን ስፋት እንጂ የሰውን አቅም አይነግርም። የሚቆጠረው እጅ ነው።

መነሻ እንዲሆናችሁ የእንግሊዝን ልክ ላንሳ። እዚያ በሕግ አንድ ተንከባካቢ ከሁለት ዓመት በታች 3 ልጅ፣ የሁለት ዓመት ልጆችን 5፣ ከሦስት ዓመት በላይ 8 ትይዛለች። የከተማችሁ የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ከዚህ የጠበቀ መስፈርት ከሰጣችሁ የሚገዛችሁ እሱ ነው። የእንግሊዙን ቁጥር እንደ ጣሪያ እንጂ እንደ ግብ አትዩት። እዚያ ቧንቧው ክፍሉ ውስጥ ነው። እኛ ጋ ውሃ በጀሪካን ይመጣል፣ መብራት ሲጠፋ ወተቱ በምድጃ ይሞቃል፣ ብዙ እናቶች የሚልኩት የጨርቅ ዳይፐር ነው። ያ ሁሉ ከሞግዚቷ እጅ የሚወሰድ ደቂቃ ነው።

አሁን አስሉት። 6 ጨቅላ (ከሁለት ዓመት በታች)፣ 10 የሁለት ዓመት፣ 16 ከሦስት ዓመት በላይ አሉ እንበል፤ በጠቅላላው 32። ለጨቅላዎቹ 2፣ ለሁለት ዓመቶቹ 2፣ ለትልልቆቹ 2፤ ስድስት ሞግዚት። ስድስቱም ምሳ ይበላሉ፣ ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ስለዚህ ተዘዋዋሪ አንድ ይጨመራል፤ 7። ስድስት ብቻ ቀጥራችሁ 32 ልጅ ከመዘገባችሁ እጥረቱ የጀመረው ዛሬ ሰኞ ሳይሆን ምዝገባውን የፈረማችሁ ዕለት ነው።

ስትቆጥሩ ወጥ ቤቷን አትቁጠሩ። ዘበኛውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ ቢሮ የተቀመጣችሁትን ራሳችሁን አትቁጠሩ። ከ18 ዓመት በታች ያለችን ልጅ፣ የሞግዚቷ ታናሽ እኅትም ብትሆን፣ በጭራሽ አትቁጠሩ። አንድ ነገር ደግሞ ይጨመርበት፦ ልጆቹ ሦስትም ቢሆኑ አንድ ትልቅ ሰው ብቻውን ግቢው ውስጥ አይቀርም። ቢወድቅ ወይም አንዱን ልጅ ይዞ ጤና ጣቢያ መሮጥ ቢኖርበት ሌሎቹን የሚይዝ የለም።

2. የሚዘጋበትን ቁጥርና የሚዘጋውን ሰው አስቀድማችሁ ወስኑ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጣል፣ ስለዚህ ረዘም አደርገዋለሁ።

ጠዋት በር ላይ ቆሞ መወሰን አይቻልም። እናት እያለቀሰች፣ ልጁ እጁን እየዘረጋ፣ ማንም ሰው «ዛሬን ብቻ» ይላል። ውሳኔው በጸጥታ ቀን መደረግ አለበት፤ ባለቤቱና ኃላፊዋ ቁጭ ብለው፣ በአንድ ገጽ፣ ፊርማ ያለበት። በገጹ ላይ እንዲህ ይጻፋል፦ 3 ሞግዚት ብቻ ከመጡ 3 ጨቅላ፣ 5 የሁለት ዓመት፣ 8 ከሦስት በላይ፣ በድምሩ 16 ልጅ እንቀበላለን፤ ኃላፊዋ ቢሮ ዘግታ ተዘዋዋሪ ትሆናለች። 2 ብቻ ከመጡ ጨቅላ አንቀበልም፣ ከትልልቆቹ ቢበዛ 10 እንይዛለን። 1 ብቻ ከመጣች ማቆያው ዝግ ነው።

ከሥሩ የወሳኙ ስም ይሰፍራል። የሥራ መደቡ ብቻ አይበቃም፣ ስሙ ይጻፍ። እሷ በሌለችበት የሚተካትም ሰው ስም ይጻፍ። ሁለት ሰው «በጋራ» የሚወስንበት ቦታ ማንም አይወስንም።

ቀጥሎ ከባዱ ይመጣል። 32 ከተመዘገቡት 16 ብቻ የሚገቡ ከሆነ የትኞቹ? ይህንም አስቀድማችሁ ጻፉ። ባትጽፉት ቀድሞ የመጣው፣ ድምፁ የጎላው ወይም የባለቤቱ ዘመድ ይገባል። እኛ የተጠቀምነው ቅደም ተከተል ይህ ነበር፦ መጀመሪያ ሌላ ማንም የሌላት እናት ልጅ፤ ቀጥሎ በቀን ገቢ የምትኖርና ብትቀር የዕለት እንጀራዋን የምታጣ፤ ከዚያ በፈረቃ የምትሠራ፤ በመጨረሻ አያት ወይም ሌላ ዘመድ ቤት ያለው። ወላጆችን ሰብስበን አነበብንላቸው። ተከራከሩ፣ ሁለት ቦታ አስተካከሉ፣ ተስማሙ። አንዲት አያት ተነስተው «የኔ ልጅ መጨረሻ ይሁን፣ እኔ አለሁለት፤ ብቻ ሲሆን ማታ ንገሩኝ» አሉ። ሰው ምክንያቱን አስቀድሞ ካወቀ ይሸከማል።

«ማታ ንገሩኝ» ያሉትን ልብ በሉ። ሞግዚት እንደምትቀር እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት እንድታሳውቅ ደንብ አድርጉ፤ ያሳወቀች አትቀጣም፣ ቁጣም አይደርስባትም። ቁጣ የሚያስተምረው ስልክ መዝጋትን ነው። ኃላፊዋ በዚያው ምሽት በቅደም ተከተሉ መጨረሻ ላሉት ወላጆች ትደውላለች። ቴሌግራም ያለው ቢኖርም ብዙ እናቶች ተራ ስልክ ነው የያዙት፣ ስለዚህ በድምፅ ደውሉ። ጠዋት በር ላይ ከሚመለስ ልጅ ማታ የተነገረለት ይሻላል፤ እናቱ ጎረቤት ለማስቸገር ሌሊት አላት።

ለተመለሰችው እናት ማኅተም ያለበት ወረቀት ስጧት፦ «ዛሬ በተንከባካቢ እጥረት ምክንያት ልጇን መቀበል አልቻልንም፤ የቀረችው በእኛ ምክንያት ነው።» አለቃዋ ላይቀበለው ይችላል። ሆኖም ጥፋቱ በጽሑፍ የእናንተ ሆኗል፣ የእናትየዋ አይደለም። የዕለቱን ክፍያም መልሱ።

3. የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት

በሩ አጠገብ፣ ወላጅ ሁሉ በሚያየው ቦታ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ ስቀሉ። በየጠዋቱ ሁለት ቁጥር ይጻፍበታል፦ ዛሬ ያሉን ሞግዚቶች፣ ዛሬ የምንቀበላቸው ልጆች። ሰሌዳው ላይ የምትጽፈው ኃላፊዋ ራሷ ናት። ባለቤቱ በስልክ «የእገሌን ልጅ ግን አስገቢው» ሲል የምታሳየው እሱን ነው። እኔ ካየኋቸው የተጠያቂነት መሣሪያዎች ሁሉ ርካሹና ጠንካራው ይህ ነው።

ልጅ ሲገባ በስም መዝግቡ፣ ማን እንዳመጣውና ማን እንደሚወስደው ጭምር። ሰው በጎደለ ቀን ትኩሳት፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያለበትን ልጅ አትቀበሉ። ለጤነኞቹ እንኳ ያልበቃ እጅ ለታመመ ልጅ አይተርፍም።

ከዚያ በየሰዓቱ ቆጠራ። በጣት እየነኩ፣ በስም እየጠሩ፣ ሰዓቱንና ቁጥሩን ደብተር ላይ እየጻፉ። ልጁ ከጠፋብኝ ቀን በኋላ ይህን አንድም ቀን አላስቀረሁም።

4. ተጠባባቂ ሰው አዘጋጁ

ተጠባባቂ የሚፈለገው ሰው ሳይጎድል ነው። ደሴ ውስጥ ከታሰበበት ሰው አለ፦ ጡረታ የወጡ የአፀደ ሕፃናት መምህራን፣ ጡረታ የወጡ ነርሶች፣ ልጆቻቸው ያደጉላቸው የሰፈር እናቶች። የቅሬያችሁን ሰብሳቢ ጠይቁ፤ ማን ታማኝ እንደሆነ፣ ማን ቁጡ እንደሆነ ከመዝገብ በላይ ያውቃል። የደሴ መምህራን ትምህርት ኮሌጅና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም ለልምምድ ቢመጡ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ተለማማጅ የሞግዚት ምትክ አይደለም፣ ከቁጥር አይገባም።

ከ4 እስከ 6 ሰው በቂ ነው። እያንዳንዷ የቀበሌ መታወቂያ፣ ዋስ፣ የጤና ምርመራ ውጤት ታቅርብ። በወር አንድ ቀን እየተከፈላት ትዋል፣ ልጆቹ ይልመዷት። የማያውቃት ልጅ ፊት ድንገት የቀረበች ሴት ክፍሉን ለቅሶ በለቅሶ ታደርገዋለች፣ የነበሩትንም ሞግዚቶች ታደክማለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከልጅ ጋር ብቻዋን አትተው፣ ዳይፐር አትቀይር፣ ሽንት ቤት ይዛ አትሂድ። ይህ እሷን መጠርጠር አይደለም፤ ለማንኛዋም አዲስ ሰው አንድ ነው።

በአቅራቢያችሁ ሌላ ማቆያ ካለ ወንፈል ተጋቡ፦ ዛሬ እነሱ አንድ ሞግዚት ያበድሩናል፣ ሌላ ቀን እኛ። ኃላፊነቱ ግን አይበደርም። የተዋሰችው ሞግዚት ደክማ ከሆነ፣ ክፍሉን ካላወቀች፣ የሚጠየቀው የተቀበላት ኃላፊ ነው።

የበዓል ፈረቃ ላይ ወሎ ሌላው ያላገኘው ሀብት አለው። ሙስሊምና ክርስቲያን ሞግዚቶች አብረው ከቀጠራችሁ ለገናና ለጥምቀት ማግሥት ሙስሊሞቹ፣ ለዒድና ለመውሊድ ማግሥት ክርስቲያኖቹ ይሸፍናሉ። ይህን ለሰዎቹ በጎ ፈቃድ ብቻ አትተዉት፤ የዓመቱን ፈረቃ በመስከረም ጻፉና ሁሉም ይፈርሙበት። በረመዳን የምትጾም ሞግዚት ጠዋት ገብታ ከሰዓት በጊዜ ትውጣ። በሁዳዴ ጾም ቅዳሴ የምትቆም ዘግይታ ትግባ። ሁለቱን ካቀናጃችሁ ቀኑ ይሞላል።

ለቅሶስ? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለቅርብ ዘመድ ሞት 3 የሥራ ቀን ከነደመወዙ ይፈቅዳል። የጎረቤት ለቅሶ በአዋጁ የለም፤ በቅሬ ግን አለ፣ ያልቀበረን የሚቀብረው የለም። ስለዚህ ከቅሬው ዳኞች ጋር ተነጋገሩ፦ ሞግዚቷ ቀብር ደርሳ ቀትር ላይ ትመለስ፣ ድንኳኑን ማታ ትድረስ። እኛ ስንጠይቅ እምቢ ያለን ቅሬ የለም፤ ከዚያ በፊት ግን ማንም ጠይቋቸው አያውቅም ነበር።

5. በጎደለ ቀን የሚተውና የማይተው

እጅ ሲያጥር ሥራ መቀነስ ግድ ነው። ኃላፊው ካልመረጠ ሞግዚቷ በድካሟ ትመርጣለች፣ መጀመሪያ የሚቀረውም የማይታየው ሥራ ነው፦ የተኛን ልጅ ማየት። ስለዚህ ዝርዝሩን እናንተ አውጡ።

ይቀር፦ የወለል ማጽዳት እስከ ማታ፣ ልብስ ማጠብ፣ ግድግዳ ማስጌጥ፣ ሪፖርት፣ እንግዳ ማስተናገድ፣ ገላ ማጠብ። ገላ ማጠብ ስል ብዙዎች ይገረማሉ፤ አንድ ሞግዚት ለአንድ ልጅ ብቻ ሩብ ሰዓት የምትይዝበት ሥራ ነው፣ ልጁ ቤቱ ሲሄድም ይታጠባል።

አይቀርም፦ በሩ። ዘበኛው ውሃ አይቀዳም፣ አይላክም፣ ወንበሩን ከበሩ አያርቅም። መቀርቀሪያው ልጅ የማይደርስበት ከፍታ ላይ ይሁን።

እንቅልፍ አይተውም። ጨቅላ በጀርባው ይተኛል፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት ከአልጋው ይወጣል። አንድ ሰው እዚያው ክፍል ቁጭ ብሎ ያያል። ደሴ ብርድ ነው፣ በተለይ ከኅዳር እስከ ጥር ጠዋት ጠዋት ውርጩ ያማል፤ ቢሆንም ልጅ በተኛበት ክፍል የከሰል ምድጃ አይገባም። የከሰል ጢስ ሽታ የሌለው መርዝ አለው፣ እንቅልፍ የወሰደውን ሰው ሳያነቃ ይገድላል። ሞግዚቷ ብቻዋን ሆና ክፍሉን ለማሞቅ ምድጃ ብታስገባ «ማን አዘዛት?» አይባል። የሚጠየቀው ሌላ ማሞቂያ ያላቀረበላት ነው።

ምግብ ላይ፦ ቆሎ፣ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ክብ ከረሜላ በጎደለ ቀን ብቻ ሳይሆን በማንኛውም ቀን ለትንንሾቹ አይሰጥም። ጡጦ በትራስ ተደግፎ ልጅ ብቻውን አይጠባም። ትንታ ሲይዘው ምን እንደሚደረግ ዘበኛውም ወጥ ቤቷም ጭምር ይማሩ፤ ጤና ጣቢያ ጠይቁ፣ አንድ ነርስ ግማሽ ቀን ቢሰጣችሁ ይበቃል። ትኩስ አጥሚትና የቡና ጀበና ከልጆች ክፍል ውጭ። እጅ መታጠብ ከዳይፐር በኋላና ከምግብ በፊት፣ ውሃው በጀሪካን ቢሆንም።

ኃላፊዋም ካፖርቷን አውልቃ ትግባ። ከሞግዚቶቹ ጋር ሽንት ቤት ያልጠረገች ኃላፊ እጥረቱን በወሬ ነው የምታውቀው።

6. የቀሩትን አትጨርሷቸው

የመጡት 3 ሞግዚቶች የመጡ ስለሆኑ ብቻ የ6 ሰው ሥራ ይጫንባቸዋል። ነገ ከነሱ አንዷ ትቀራለች። እጥረት የሚወልደው እጥረት ነው፣ ያ ሰንሰለት የሚቆረጠው በኃላፊው እጅ ነው።

አዋጁን እወቁት። መደበኛ ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ክፍያው ለስሌት እንዲመች በ4,160 ብር ደመወዝ እንየው። ለወሩ 208 የሥራ ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 20 ብር ይሆናል። ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ባለው ጊዜ የተሠራ ትርፍ ሰዓት በአንድ ተኩል ይባዛል፣ 30 ብር። ከምሽቱ 4 በኋላ በ1.75፣ 35 ብር። በሳምንት ዕረፍት ቀን በሁለት፣ 40 ብር። በሕዝብ በዓል በሁለት ተኩል፣ 50 ብር። የዘገየች እናትን ልጅ ይዛ እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የቆየች ሞግዚት ያን ሰዓት በስጦታ አልሰጠቻችሁም፤ መዝግቡና ክፈሉ።

የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ በእጥረት ሰበብ አይበላም። የወሊድ ፈቃድ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። ሞግዚቶቻችሁ ወጣት ሴቶች ናቸው፣ ይወልዳሉ። ነፍሰ ጡር መሆኗን በነገረቻችሁ ዕለት ተተኪ መፈለግ ጀምሩ። ሌላውን እናት ለማገዝ የተከፈተ ቤት የራሱን እናት በዚህ ካስጨነቀ ነውር ነው።

ደመወዝ መጨመር ሁሌ አይቻልም። በቀኑ መክፈል ግን ይቻላል። ምሳ ማብላት ይቻላል፣ ጀርባ የሚደግፍ ወንበር፣ ከሰዓት 20 ደቂቃ ቡና፣ የሞግዚቷን ልጅ በነፃ መቀበል ይቻላል። የመጨረሻው በእኛ ቤት ከደመወዝ ጭማሪ ይልቅ ሰው አቆይቷል። የምትለቅ ካለች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት፤ በዚያ ጊዜ ለምን እንደምትለቅ በእርጋታ ጠይቋት፣ የነገረቻችሁን ጻፉት። ዓረብ ሀገር ልትሄድ ከሆነ በሕጋዊ መንገድ ስለመሄዷ ጠይቁ፣ መርቃችሁ ሸኟት፤ ተቀያይማችሁ ከተለያያችሁ የምታውቃትን ሌላ ሰው አታመጣላችሁም።

7. አደጋ ከደረሰ

መጀመሪያ ልጁ። ከተቃጠለ ቁስሉን 20 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ፤ የጥርስ ሳሙና፣ ቅቤ፣ ቡና አይቀባ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል፣ ልጁ ከሚያውቃት ሰው ጋር።

ለወላጅ የምትደውለው ኃላፊዋ ናት፣ ሞግዚቷ አይደለችም። የምትለው አጭር ይሁን፦ «እኅቴ፣ የማቆያው ኃላፊ ነኝ። ልጅሽ ወድቆ ግንባሩ ተላጠ፤ ነቅቷል፣ ያወራል። ጤና ጣቢያ ይዘነው እየሄድን ነው፣ እዚያ እንገናኝ። ዛሬ ሰው ጎድሎን ነበር፣ ሁሉን ስትመጪ እነግርሻለሁ።» «ትንሽ ነገር ነው» አትበሉ፤ ትንሽ መሆኑን የሚናገረው ሐኪም ነው። እጥረቱንም አትደብቁ። ከጎረቤት ብትሰማው «ደበቃችሁኝ» ትላለች።

በዚያው ቀን፣ ሰው ሁሉ ሳይረሳ፣ አንድ ገጽ ጻፉ፦ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ በክፍሉ የነበሩ ልጆች ቁጥር፣ የሞግዚቶች ቁጥር፣ ያን ቁጥር የፈቀደው ሰው ስም። የመጨረሻው ካልተጻፈ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። ሞግዚቷ የራሷን ቃል በራሷ አንደበት ትናገር፤ ማንበብ የሚከብዳት ከሆነ የምታምነው ሰው ያንብብላት። ያዘጋጃችሁላትን አታስፈርሟት።

ሁሉም ጥፋት የኃላፊ ነው ማለቴ አይደለም። ልጅ የመታች፣ ያንቋሸሸች፣ አስተኝታ ጥላ የሄደች ሞግዚት በ3 ልጅም ብትሆን ትጠየቃለች። ድካም ለዱላ ፈቃድ አይሆንም። ጥቃት ከተጠረጠረ በግቢ ሽማግሌ አይታለፍ፤ በዚያው ቀን ለፖሊስና ለሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤቱ ይነገር።

8. ከእናንተ በላይ ላለው አሳውቁ

የመንግሥት መሥሪያ ቤትም፣ ፋብሪካም፣ ግለሰብም ቢሆን ባለቤቱ ሳይነገረው አያውቅም፣ ሳይጻፍለት ደግሞ «አልሰማሁም» ይላል። በየወሩ ግማሽ ገጽ ላኩ፦ ስንት ቀን ከሚያስፈልገን የሞግዚት ቁጥር በታች ሆንን፣ ስንት ልጅ መለስን፣ ስንት ትርፍ ሰዓት ከፈልን፣ ምን እንፈልጋለን። ቀጥሎ አንድ ዓረፍተ ነገር፦ «እስከዚህ ቀን ተጨማሪ ሁለት ሰው ካልተቀጠረ ምዝገባውን ከ32 ወደ 24 ዝቅ እናደርጋለን።» ቅጂው ፋይል ውስጥ ይቀመጥ፣ ተቀባዩ ይፈርም።

ባለቤቱ ከቁጥሩ በላይ ተቀበሉ ካለ በጽሑፍ ይስጥ በሉት። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለ ነገር ላይ ስሙን አያስቀምጥም። የሚያስቀምጥ ካለ ደግሞ የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቅሳችሁ እምቢ በሉ፤ ልጆችን በሚመለከት ውሳኔ የሕፃናት ደኅንነት ይቀድማል ይላል። ኢትዮጵያ የተቀበለችው የሕፃናት መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 3 ሕፃናትን የሚንከባከቡ ተቋማት በሠራተኞቻቸው ቁጥርና ብቃት፣ በቁጥጥራቸውም የተቀመጠውን ደረጃ እንዲያሟሉ ያዛል። የሠራተኛ ቁጥር የምቾት ጉዳይ ሳይሆን የልጅ መብት መሆኑን ሳነብ ያ አንቀጽ ለብዙ ስብሰባ ድፍረት ሰጥቶኛል።

ከሥራው የምትለቁ ከሆነ ለተተኪያችሁ ቁልፉን ብቻ አትስጡ። የተፈረመውን ገጽ፣ የየሰዓቱን ቆጠራ ደብተር፣ የተጠባባቂዎቹን ስልክ፣ የደብዳቤዎቹን ቅጂ አንድ ላይ አስረክቡ። አንድ ጠዋት በር ላይ አብራችኋት ቁሙ፣ ሰሌዳው ላይ ቁጥሩን እሷ ትጻፍ፣ የመጀመሪያዋን እናት እሷ ትመልስ።